60 ኪሎ ሜትር በ5 ሺህ፣ 32 ሜትር በ9 ሺህ

እስቲ ፍረዱኝ። ከደብረ ብርሃን ያገለገለ የቆርቆሮ ሱቅ ገዛሁ፣ ሁለት በሦስት፣ ከስሩ አራት የባጃጅ ጎማ የተበየደለት። በአይሱዙ አስጭኜ፣ በጣርማ በር ጉም ውስጥ አልፈን፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት በማርሽ ወርደን ደብረ ሲና ገባን። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሹፌሩ 5 ሺህ ብር ተቀበለኝ፣ ትንፍሽ አላልኩም። ጉዱ ያለው ከአስፋልት እስከ እማዬ ግቢ ያለችው የኮብልስቶን ዳገት ላይ ነው። 32 ሜትር! በንዴት በሜትር ለክቻታለሁ።

ሹፌሩ አንዴ ቀና ብሎ አየና «ወንድሜ እኔ እዚህ አልወጣም» አለ፣ አልፈርድበትም። ጫኝና አውራጆቹ ግን ዕቃው ገና ሳይቆም ከበውታል። ማውረጃ 2 ሺህ፣ እሺ ከፈልኩ። ወደ ላይ ለመግፋትስ? 9 ሺህ። አንዱን «ምነው በእግዜር?» ስለው «ዳገቱን አታየውም እንዴ» ይለኛል። ዳገቱንማ ከተወለድኩ ጀምሮ ነው የማየው ወንድሜ፣ ውሃ በጀሪካን ተሸክሜ የወጣሁበት ዳገት ነው! ደረሰኝ አለው ወይ ብዬ ብጠይቅ ሳቁብኝ። ትንሽ ቆይቶ ሰማዩ ሲጠቁር 12 ሺህ ገባ፣ ዝናብ ስለመጣ ነው አሉ። ዝናቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ መሰለኝ።

በቃ ራሴ አወጣዋለሁ አልኩ። መጀመሪያ የጓደኛዬ ባጃጅ ጎተተው፣ ሁለት ሜትር ሳይሄድ ፍሪሲዮኑ መሽተት ጀመረ፣ ተወው አልኩት፣ እንጀራው ነው። አንዱ ደግሞ በሬ ጥመድበት አለኝ፣ ኮብልስቶን ላይ በሬ ሲንሸራተት ማን ሊከፍል ነው? የጎረቤታችን የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ደብተሩን አውጥቶ ቁጭ አለና፣ በየአምስት ሜትሩ አንድ ሜትር የሚነሳ ዳገት ላይ አንድ ቶን የሚጠጋ ነገር ወደ ኋላ እንዳይሄድ ለመያዝ ብቻ 200 ኪሎ ያህል መሳብ አለበት፣ ለማንቀሳቀስ ደግሞ ከዛ በላይ አለኝ። እግዜር ይስጠው፣ እሱ ብቻ ነው በነፃ ቁም ነገር የነገረኝ። ሌላው አጥር ተደግፎ ቆሎ እየቆረጠመ «በለው! ግፋ! ወደ ቀኝ!» ነው።

ከጋራዥ ፓራንኮ፣ ያ ከባድ ዕቃ በሰንሰለት የሚጎተትበትን፣ ተከራየሁ፣ በቀን 500 ብር፣ መታወቂያ አስይዤ። ከላይ ያለው የባህር ዛፍ ጉቶ ስር ላይ አሰርነው። ፓራንኮ ጉልበት ይሰጥሃል ግን መንገድ ይወስድብሃል፣ ሰንሰለቱን መዳፍህ እስኪላጥ ትጎትተዋለህ ሱቁ ጣት ታህል ፈቀቅ ይላል፣ ቀ ቀ ቀ ቀ ይላል፣ እንደገና ጣት ታህል። ሦስት ሜትር ስትሄድ ሰንሰለቱ ያልቅና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጎማው ስር ታኮ አስገብተህ፣ ፈትተህ፣ ገመድ አሳጥረህ እንደገና ታስራለህ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 በነበረበት ጊዜ ጣርማ በርን በስቶ መኪና አሳልፏል፣ እኔ አንድ ቆርቆሮ እማዬ በር ላይ ማድረስ አቃተኝ!

ታኮ ስል ትዝ አለኝ። መጀመሪያ ጎማው ስር ድንጋይ ነበር የምናደርገው፣ ድንጋዩ ተፈረካክሶ ሱቁ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሲመጣ ነፍሴ ወጣች። ከኋላ ሁለት ልጆች ነበሩ። የድሮ የጭነት ሹፌር የነበሩት ጋሼ ጮኹብኝ፣ «ልጄ ገመድ አይታመንም! ከኋላ ሰው አይቁም፣ ታኮውንም ከጎን ሆነህ ጣል!» ብለው ሄደው ከቤታቸው ሁለት የእንጨት ታኮ፣ ያ በሰያፍ የተቆረጠውን፣ ይዘውልኝ መጡ። ታኮዎቹ ባይኖሩ ዛሬ ሱቁ አስፋልት አቋርጦ ሌላ ቤት ገብቶ ነበር።

አራት ልጆች በቀን 400፣ ምሳ፣ ፓራንኮ፣ የተበጠሰ ገመድ፣ ስትደምረው 3 ሺህ አልሞላም። ግን 21 ሜትር ላይ መሸብን፣ ዝናቡም ለቀቀው። ሱቁ አሁን ዳገቱ መሃል ላይ በሁለት ታኮና በአንድ ፓራንኮ ተንጠልጥሎ ቆሟል፣ እኔም እንዳይሰርቁት ውስጡ ነኝ፣ በጋቢ ተጠቅልዬ ይሄን የምጽፈው ቁጭ ባልኩ ቁጥር ወደ ጥግ እየተንሸራተትኩ ነው።

ቅድም በሩ ተንኳኳ። አንድ ማሙሽ ነው፣ ላስቲክ ለብሷል፣ እርጥብ 20 ብር ይዟል።

«እናቴ ክብሪት ስጠኝ ብላለች።»

«ማሙሽ ሱቁ እኮ ገና አልተከፈተም።»

«መብራት አለበት እኮ» አለኝ።

ሲጋራ አላጨስም፣ ግን ለኩራዝ ብዬ የያዝኳት አንድ ክብሪት ነበረችኝ። ሸጥኩለት።