ከ40 በኋላ ለሚዛባ የወር አበባ «ዕድሜሽ ነው» አይበቃም

አርባን ያለፈች ሴት የወር አበባዋ ሲዛባባት የምትሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ዕድሜሽ ነው፣ ልታርጪ ነው።» ጎረቤትም እህትም ይህንኑ ይላሉ። አንዳንዴ የጤና ባለሙያም ሳይመረምር እንዲሁ ብሎ ይሸኛታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ አሸኛኘት ነው።

አባባሉ ውሸት ሆኖ አይደለም። አብዛኞቹ ሴቶች የሚያርጡት ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት የወር አበባ መዛባቱ ተፈጥሯዊ ነው። በ28 ቀን ይመጣ የነበረው በ21 ቀኑ ከች ይላል፤ ከዚያ ደግሞ ሁለት ወር ይጠፋል። እንቁላል በየወሩ መውጣቱን እየተወ ስለሚሄድ ነው። እንቁላል ባልወጣበት ወር ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን በበቂ መጠን አይመረትም። ኢስትሮጅን ግን የማህፀንን የውስጥ ሽፋን ማወፈሩን ይቀጥላል። የወፈረው ሽፋን ሲፈርስ ደሙ ይበዛል፣ ቀኑም ይረዝማል።

ይህን ሴቷ ብቻዋን ነው የምትሸከመው። እሑድ ነጠላዋን አድርጋ ቅዳሴ ልትሄድ ስትል ደሙ ይመጣል፤ ትቀራለች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ይመጣል። ለምን ቀረሽ ስትባል «አሞኝ ነው» ብላ ታልፈዋለች። ቢሮ የምትውለው ጥቁር ቀሚስ ታዘወትራለች፣ ሞዴስ ደርባ ታደርጋለች፣ ከወንበሯ ስትነሳ ዞር ብላ ታያለች። ደም በብዛት በፈሰሰ ቁጥር የሰውነቷ ብረት ይሟጠጣል። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ድው ድው ይላል፣ ራሷን ያዞራታል። እሱንም ዕድሜ ነው ይሏታል። የደም ማነስ እኮ በአንድ የደም ምርመራ ይታወቃል!

ሌላም አለ። ደሙ ሁለት ሦስት ወር ሲጠፋ «በቃ አበቃ» ብለው የእርግዝና መከላከያ የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። እንቁላል ግን አልፎ አልፎ ይወጣል፤ ስለዚህ ማርገዝ ይቻላል። አርጣለች የሚባለው 12 ወር ሙሉ ሳታይ ስትቀር ነው።

ሐኪም ጋ የሚያስኬደው የቱ ነው? በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር፣ ከ7 ቀን በላይ የሚቆይ፣ በሁለት የወር አበባ መሀል ወይም ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም። 12 ወር ቆሞ የተመለሰ ደም ደግሞ ጠብታም ብትሆን ቀጠሮ አይሰጠውም። መንስኤው ማዮማ፣ ማለትም ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ፣ ሊሆን ይችላል፤ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። ካንሰር ከመሆኑ በፊት የሚገኝበት ቅድመ ምርመራ በብዙ ጤና ጣቢያዎች አለ፤ ግን ሴቷን «ሂጂና ተመርመሪ» የሚላት ሰው ያስፈልጋል።

ጤና ጣቢያዎቻችን ለነፍሰ ጡሮች ብዙ ለፍተዋል። ወልዳ የጨረሰችዋስ? ለደም ግፊት ወይም ለስኳር የመጣችን የ46 ዓመት ሴት «የወር አበባሽ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም። እሷም ብትሆን የጀመረበትንና የቆመበትን ቀን፣ የቀየረችውን ሞዴስ ብዛት ግድግዳው ላይ ባለው ካሌንደር ምልክት ታድርግ። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሌም 30 ቀን ስለሆነ ለመቁጠር አያስቸግርም፤ ጳጉሜን ላይ ብቻ ጠንቀቅ ማለት ነው። የሦስት ወሩን ይዛ ገብታ «የደሜን መጠን ይለኩልኝ፣ ማህፀኔን በአልትራሳውንድ ይዩልኝ» ማለት መብቷ ነው። ደሙ እንደ ውኃ የሚወርድባት ግን ሦስት ወር አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ትሂድ።