አክስቴ ሱባዔ ላይ አልነበረችም

አክስቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊን ትወጋለች። የ2015 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ዕለት አንዲት ጎረቤቷ ዝክር ጠርታት አብሬያት ሄድኩ። ቀኑ ሰኞ ነበር። ቤቱ ሰው በሰው ሆኗል። ድፎው ተቆርሷል፣ ጠላው ይቀዳል፣ የወጡ ሽታ እስከ ውጭ በር ድረስ ያውዳል።

ገና እንደተቀመጥን ጋባዣችን ለስላሳ ከፍታ አቀረበችላት። አክስቴ «ስኳር አለብኝ እኮ፣ ውኃ ይበቃኛል» አለቻት። «ውይ፣ ዛሬ እንኳን! ለሚካኤል ብለሽ!» የሚል መልስ መጣ። ቀጥሎ ትልቅ የድፎ ቁራጭ መጣ። «አንድ ቀን ምን ያደርግሻል?» ከጎኗ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ደግሞ «እኔም አለብኝ፣ ሁሉንም እበላለሁ፣ ይኸው አለሁ» አሏት። ሌላዋ ሴት «በሞቴ» አለች። አክስቴ ሁለቴ ሦስቴ ለማስረዳት ሞከረች። የሰማት የለም። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሱባዔ ላይ ነኝ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም» አለች።

ሁሉም ጸጥ አለ። «ውይ እህቴ፣ ይቅር በይኝ፣ መች አወቅኩ!» ለስላሳው ተነሣ። ድፎውም ተነሣ። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው አንድም ጥያቄ አልጠየቃትም።

አክስቴ ግን ሱባዔ ላይ አልነበረችም። ጠዋት ተወግታ ነው የወጣችው። ሐሳቧ ግማሽ እንጀራ በወጥ በልታ ውኃ ጠጥታ ልትመለስ ነበር። አሁን ያንንም መብላት አልቻለችም፤ አልቀምስም ብላለቻ። ሰባት ሰዓት ገደማ ላብ አጠመቃት። እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምትናገረው ነገር ይምታታባት ጀመር። ደግፌ ወደ ጓዳ ወሰድኳትና ያንኑ ስትሸሸው የነበረውን ለስላሳ ግማሽ ብርጭቆ አጠጣኋት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ወደ ራሷ ተመለሰች።

ኢንሱሊን ተወግቶ ምግብ ያለፈው ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ይወርዳል። ካልተደረሰለት ራሱን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል። አክስቴ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። አውቃም ግን ዋሸች። ሌላ የሚያስጥላት ቃል ስላልነበራት።

ይህ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። እኛ ዘንድ «አልበላም» ለሚል ሰው አንድ ብቻ የታወቀ ምክንያት አለ። ጾም። ጾመኛ ነኝ ያለን ሰው ማንም አያስገድደውም። ስንት ቀን ትጾማለህ፣ ለምን ትጾማለህ፣ ዛሬን ብትተወው ምን ትሆናለህ አይባልም። አስተናጋጁ ራሱ ቀድሞ «የጾም ነው የፍስክ?» ብሎ ይጠይቃል። ኬክ ቤቱ የጾም ኬክ ይሠራል። ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የነቢያት፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነነዌ እየተባለ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር መኖር የቻለ የምግብ ባህል አለን። በጣም የምኮራበት ነገር ነው።

«አይስማማኝም» ያለ ሰው ሲመጣ ግን ሌላ ፊት እናሳያለን። «አልወድም» ያለማ ጭራሽ አለቀለት። ቀበጥ ይባላል። ሞልቃቃ ይባላል። ሴት ከሆነች «ምግብ የምታማርጥ» ትባላለች። ከውጭ አገር የመጣ ከሆነ ደግሞ «የፈረንጅ በሽታ ይዞ መጣ» ይባላል።

ለምን እንዲህ እንደሆንን አውቃለሁ። እኔም ያደግሁት በዚያው ማዕድ ነው። ጋባዥ የሚያስገድደው ስለሚወድ ነው። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «እኔ ልሙት» የሚሉት ቃላት ቀላል ቃላት አይደሉም፤ ሰውየው ራሱን አስይዞ ነው የሚለምነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው የሚከተለው ለዚያ ነው። ከፍቅሩ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ይህች አገር ረሃብን በዓይኗ አይታለች። ከ1960ዎቹ የወሎ ረሃብና ከ77ቱ የተረፉ ሰዎች ዛሬም በየቤታችን አሉ። አያቴ የወደቀ እንጀራ አንሥታ ትስመው ነበር። እንዲህ ላለች ሴት በሳህን ላይ የቀረበን ምግብ መግፋት ነውር ብቻ አይደለም፤ ግፍ ነው። በዚህ አልፈርድባትም።

ግን አንድ ነገር አንርሳ። ያው ረሃብ ራሱ ሁሉም ምግብ ለሁሉም ሰው እንደማይሆን አስተምሮናል። ጓያን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ድርቅን ይቋቋማል፤ ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ይገኛል። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር ይሰብራል። ጤነኛ ገበሬ በምርኩዝ ይቀራል፣ ዕድሜውን ሙሉ። በአንድ ቤት ውስጥ ያንኑ ጓያ በልቶ አንዱ ሲሽመደመድ ሌላው ምንም ሳይሆን የሚቀርበት ጊዜ አለ። የሰው አካል አንድ ዓይነት አይደለም።

ወተትን ውሰዱ። ገጠር ዘመድ ቤት ስትሄዱ ትኩስ ወተት በዋንጫ ይቀርባል። ትልቅ አክብሮት ነው። ታላቅ እህቴ ግን ወተት ከጠጣች ሆዷ ይነፋል፣ ቀኑን ሙሉ ትሠቃያለች። ለዓመታት «የከተማ ልጅ ሆና ነው» ተባለች። ነገሩ ሌላ ነው። በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር የሚፈጭልን ላክቴዝ የሚባል ንጥረ ነገር ሕፃን ሳለን በደንብ ይሠራል፤ ስናድግ በብዙዎቻችን ይቀንሳል። ከዓለም ጎልማሶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እንዲህ ናቸው። ከጥንት ጀምሮ በከብትና በግመል ወተት በኖሩት እንደ አፋርና ሶማሌ ባሉ አርብቶ አደሮች ዘንድ እስከ እርጅና ወተት የሚስማማው ሰው ብዙ ነው። ታዲያ እህቴ እርጎና አይብ ትበላለች፤ ብዙም አያውካትም። ሲረጋና ሲናጥ የወተቱ ስኳር ይቀንሳል። እናቶቻችን ይህን በሥራ ያውቁት ነበር፤ ስሙን ብቻ ነው የማያውቁት።

ጣዕምም ቢሆን እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 አርተር ፎክስ የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት ቤተ ሙከራው ውስጥ አንድ ዱቄት ሲገለብጥ ብናኙ አየር ላይ ወጣ። አብሮት የነበረው ሰው «እንዴት ይመራል!» ብሎ ጮኸ። ፎክስ ግን ምንም አልቀመሰውም። ቀመሰው፣ ደግሞ ቀመሰው፣ ምንም። ሁለቱ ያንኑ ዱቄት እየቀመሱ አልተስማሙም። በኋላ ሌሎችን ሲያስቀምሱ አንዳንዱ በጣም ይመረዋል፣ አንዳንዱ ምንም አይሰማውም። ዛሬ ይህ ልዩነት ከወላጅ በዘር የሚወረስ እንደሆነ የታወቀ ነው። ያንኑ ዓይነት ምሬት የሚሰጡ ነገሮች ደግሞ ጎመንና ጥቅል ጎመን ውስጥ አሉ። እንግዲህ ያ ጎመን ሲቀርብ የሚያለቅስ ልጃችሁ ምናልባት አመለኛ ላይሆን ይችላል። እናንተ የማትቀምሱትን ምሬት እየቀመሰ ይሆናል። እኔን በልጅነቴ በጎመን ምክንያት ስንት ጊዜ እንደተቆጡኝ ሳስታውስ ዛሬም ሆዴን ይበላኛል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ አለርጂው ነው። ለውዝ የሚያስቆጣው ልጅ አለ። ጥቂት ፍሬ ጉሮሮውን ሊያሳብጥ፣ ትንፋሹን ሊዘጋ ይችላል። አሁን አንድ ካፌ ገብታችሁ አስተናጋጁን «ይህ ብስኩት ውስጥ ለውዝ አለ?» በሉት። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «ኧረ የጾም ነው!» የሚል ነው። ጥያቄው ሌላ፣ መልሱ ሌላ። በዚያው ቤት የለውዝ ሻይ የቀዳ ማንኪያ ሳይታጠብ ሌላው ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። ሰሊጥም እንዲሁ ነው። የሁመራ ሰሊጥ ወርቃችን ነው፤ በጾም ቀን ደግሞ ብዙ ምግብ ውስጥ ይገባል። አሜሪካ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ሰሊጥን በምግብ ማሸጊያ ላይ በግድ መጻፍ ካለባቸው ዘጠኝ ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎች አንዱ አድርጋዋለች። ሰሊጥ አብቃዮቹ እኛ ሆነን ሰሊጥ ሰው ሊጎዳ እንደሚችል የሚያውቅ አስተናጋጅ ማግኘት ከባድ ነው።

እንጀራችንም አለ። ጤፍ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን የለውም፤ ስለዚህ ሲሊያክ ላለበት፣ ማለትም ግሉተን አንጀቱን ለሚጎዳበት ሰው ትልቅ በረከት ነው። ግን የትኛው ጤፍ? በገበያ የሚሸጠው እንጀራ ስንዴና ገብስ ሊቀላቀልበት ይችላል። አሜሪካና አውሮፓ ባሉ ብዙ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም እንዲሁ ነው። «ሙሉ ጤፍ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ሊያዋርዳችሁ አይደለም የመጣው። ጥቂት ስንዴ አንጀቱን ስለሚያቆስልበት ነው። «ትንሽ ነው የገባበት» መልስ አይሆነውም።

ስለ አክስቴም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው «እንጀራ ምን ስኳር አለው?» ይላታል። ስኳር ማለት የሚጣፍጥ ነገር ብቻ ይመስለዋል። እንጀራውም፣ ዳቦውም፣ ድንቹም ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ወደ ስኳር ይለወጣል። ስለዚህ ግማሽ እንጀራ ስትበላ ኮርታ አይደለም፤ ለክታ ነው። «ጨምሪ እንጂ፣ ምነው ጠላሽን?» የሚለው ቃል ይህንን ልክ ያፈርስባታል።

ችግሩን የሚያከብደው ደግሞ የማዕዳችን ቅርጽ ነው። በአንድ ትሪ እንበላለን። ወጡ አንድ ነው፣ ጨው አንድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ደም ግፊት ያለበት አባት ከሁሉም ጋር ከአንድ ትሪ እየበላ ይህን እንዴት ይጠብቅ? ሳህን ልለይ ቢል ደግሞ ሳህን መለየት እኛ ዘንድ ከባድ ትርጉም አለው። የተጣላ ነው ሳህን የሚለይ። ድሮ ደግሞ ሥጋ ደዌ ወይም የሳንባ በሽታ አለበት የተባለ ሰው ነበር የሚለይበት። አባት ይህን ሲያስብ ዝም ብሎ ያንኑ ወጥ ይበላል።

«ታዲያ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ወጥ እንሥራ?» የሚሉኝ አሉ። ለዚህ ወሎን አሳያቸዋለሁ። ሙስሊሙ ሲደግስ ለክርስቲያን እንግዶቹ ክርስቲያን ጠርቶ ያሳርዳል። ክርስቲያኑም ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቱ እንዲሁ ያደርጋል። ድስቱ ይለያል፣ ጭልፋው ይለያል፣ ድንኳኑ አንድ ነው። ማንም ማንንም «አንድ ቀን ምን ያደርግሃል» አይለውም። ማንም አልተናቀም። ይህን ያደረጉት ሀብታሞች አይደሉም፤ ገበሬዎች ናቸው። ለሃይማኖት ድስት መለየት የቻለ ሰው ለጎረቤቱ በሽታ አንዲት ትንሽ ድስት ያለ ጨው መጣድ አያቅተውም።

ሃይማኖቶቹ ራሳቸው በዚህ ከእኛ ይሻላሉ። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው ጹም ብላ አታስገድድም። ቁርኣንም በረመዳን የታመመውንና መንገደኛውን ሌላ ቀን ይተካ ይላል። አክስቴ ያቺን የሐሰት ሱባዔ ለንስሐ አባቷ ስትናዘዝ ያሳሰባቸው ውሸቷ አልነበረም። «ልጄ፣ መድኃኒት ወስደሽ ምግብ ትተሽ ቁጭ አልሽ?» ብለው ደነገጡ።

እኔ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ሰው ስትጠሩ በስልክ «የማይስማማችሁ ነገር አለ?» በሉ። ሳህኑ ላይ ስታወጡ አንዴ ጠይቁ፣ ቢበዛ ሁለቴ። ሦስተኛውን «በሞቴ» ተዉት። «ለምን?» የሚለውንም ተዉት፤ ነፍሰ ጡሯ ክትፎዋ በደንብ የበሰለ ይሁንልኝ ስትል ገና ያልነገረቻችሁን ወሬ በሰው ፊት ታወጡባታላችሁ። ምግብ ቤት ያላችሁ ደግሞ እንጀራችሁ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ዝርዝሩ ላይ ጻፉት። አንድ መስመር ይበቃል።

ይህን ከማሳተሜ በፊት ለአክስቴ አነበብኩላት። ጋባዣችን እስከ ዛሬ ያን ቀን ምን እንደተፈጠረ አታውቅም፤ ጓዳዋ ውስጥ ያረፍነው አክስቴን ሙቀት አስቸግሯት ነው ብላ ነው የምታምነው። አክስቴ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ስሜን እንዳታወጪ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ለእሷ ግን ላኪላት። የዘንድሮው ሚካኤል ሳይደርስ ላኪላት» አለችኝ።