ቡናው እንኳ መሬት ላይ አይተኛም

ባለፈው ክረምት የሰፈራችን ሰው አዋጥቶ አንዲት እናትን ከሦስት ልጆቿ ጋር ከጅማ መርካቶ የሱቅ በረንዳ አንስቶ ቤት አስገባ። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ አንድ ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን። ወጣቶቹ የሚያፈሰውን ደፈኑ፣ ሴቶቹ ወለሉን ለቀለቁ፣ ቁልፍ ተሰጠ፣ ፎቶ ተነሣን። እኔም ፎቶው ላይ አለሁ። ከኋላዬ የሚታየው ትልቅ ነገር ሶፋ ነው።

ዘንድሮም ሌላ ቤት እየታደሰ ነው። “ያገለገለ የቤት ዕቃ ያላችሁ አምጡ” የሚል ማስታወቂያም ተለጥፏል። ስለ ሶፋው መጻፍ ያለብኝ ማስታወቂያው ፍሬ ሳያፈራ ነው።

ሶፋውን የሰጠው ሰው አዲስ ገዝቶ ቦታ ጠቦት ነበር። ሦስት ሰው ያስቀምጣል፤ አንዱ እግሩ ተሰብሮ በድንጋይ ተደግፏል። በበሩ አልገባ ስላለ መቃኑን ነቅለን አስገባነው። ከእሱ ጋር የማይሠራ ቴሌቪዥን፣ አንድ ካርቶን የወይን ብርጭቆ እና ለድግስ የሚሆን ክዳን አልባ ብረት ድስት መጣ። ሁሉም በቅን ልብ እንደተሰጠ እመሰክራለሁ። በቅን ልብ መሰጠቱ ግን ዕቃውን ጠቃሚ አላደረገውም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ልጆቹ የሚተኙት መሬት ላይ ነው። የስፖንጁ ፍራሽ ከሥሩ ጠቁሯል፤ በእጅ ሲጫኑት ውሃ ያወጣል። ሶፋው የክፍሉን ግማሽ ይዞ ተገትሯል። እናትየዋ “ግቡ” ለማለት እንኳ እያፈረች በሩ ላይ ቆማ፣ “ጋሼ፣ ይህን የሚወስድልኝ ሰው አይገኝም?” አለችኝ።

ጅማ የቡና አገር ናት። የቡና መጋዘን ገብቶ የሚያውቅ ሰው አይቶታል፤ ጆንያ በባዶ ሲሚንቶ ላይ አይደረደርም። መጀመሪያ የእንጨት ርብራብ ይነጠፋል፣ ከግድግዳውም ራቅ ተደርጎ አየር እንዲያገኝ ይከመራል። እርጥበት የጠጣ ቡና ይሻግታል፣ ዋጋው ይወድቃል። ይህን የሰፈራችን ግማሽ ሰው በሥራው ያውቀዋል፤ እኔ ራሴ መጋዘን ውስጥ ስንት ዓመት ቆጥሬያለሁ። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድበት ከተማ፣ በክረምት፣ ልጆችን አፈር ላይ አስተኝተን ፎቶ ስንነሣ ግን አንዳችንም ርብራብ አላሰብንም። ጆንያ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ያባርረን ነበር።

ስለዚህ አንደኛው ዕቃ አልጋ ነው፤ ካልሆነ ርብራብ፤ እሱም ካልሆነ መደብ። ቤት ውስጥ በጭቃና በጭድ የሚሠራውን መደብ አያቶቻችን ያለ ምንም ወጪ ሠርተው ሰሌን አንጥፈውበት ኖረዋል፤ ዛሬ የኋላ ቀር ምልክት አድርገነዋል። አልጋ ከተገኘ የባህር ዛፍ ጣውላ ይበቃል፤ ለአናጢው መንገር ያለባችሁ ግን አራት ቋሚ እንዲያወጣለት ነው። ለምን? አጎበሩ የሚሰቀልበት ስለሌለው ነው ተጠቅልሎ ጥግ የሚወድቀው። ጅማና አካባቢዋ ወባ የማያጣቸው ናቸው፤ በነፃ የታደለ አጎበር የልጅ ትራስ ሆኖ አይቻለሁ። ደግሞ ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ከሥሩ ዕቃ ቤት ይሰጣል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ይህ ሌላ ክፍል እንደማግኘት ነው።

ከአልጋው ሥር የሚገባው ደግሞ ቁልፍ ያለው የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ይህን ከራሷ ነው የተማርኩት። ቤት ከገባች በኋላ እንኳ አንድ ወር ሙሉ ከረጢቷን ተንተርሳ ነበር የምትተኛው። በረንዳ ላይ የቀበሌ መታወቂያና የልጅ የክትባት ካርድ ስንት ጊዜ እንደጠፋባት ስትቆጥር ጣቷ አልበቃትም። በሩን ቆልፋ መውጣት እንደምትችል እናውቃለን፤ እሷ ግን በሩን አላመነችውም። ሳጥን ከገባ በኋላ ነው ከረጢቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው።

ስለ ውሃ ብዙ አልልም። ቧንቧው በመጣ ቀን የሚሞላ ሁለት ሦስት ጀሪካንና ክዳን ያለው ባልዲ ከቴሌቪዥን ይቀድማል። ምድጃ ሲገዛ ላቀች የምትባለው ይገዛ፤ ዋጋዋ ከተራዋ የቆርቆሮ ምድጃ ይበልጣል፣ ግን የምትበላው ከሰል ያነሰ ነው። ብርድ ነው ተብሎ የተቀጣጠለ ከሰል ተዘግቶ በታደረበት ክፍል ውስጥ ሰው ይሞታል። በረንዳ ላይ ዓመታት የኖረ ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል፤ አየር ላይ ነው ከሰል ሲሞቅ የኖረው። ስለዚህ ምድጃውን የሚሰጥ ሰው ቁጭ ብሎ ይንገር።

መቀመጫ? የጅማ በርጩማ እያለ ሶፋ የምንሸከምበትን ምክንያት እስካሁን አላገኘሁትም። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ሦስት እግር ስላለው የጭቃ ወለል ወጣ ገባ ቢል እንኳ አይወላገድም። አራት እግር ያለው ወንበር ነው እዚያ ቤት ውስጥ የሚንገዳገደው። ማታ ከአልጋ ሥር ይገባል። እየመረጥን ለቱሪስት እንሸጠዋለን፤ ለራሳችን ሰው ግን የተሰበረ ሶፋ!

አሁን ወደ ተጣላንበት ነገር ልምጣ። ለዚያችው እናት ለሁለተኛ ዙር አዋጥተን ዝርዝር ስናወጣ ጀበና፣ ስድስት ሲኒና ረከቦት አስገባሁ። አንድ የኮሚቴ አባል፣ “ምግብ ለሌላት ሴት ቡና ቅንጦት ነው” ብሎ ሰረዘው። ጅማ ውስጥ! የእድራችን አንዲት ሽማግሌ እናት ተነሥተው፣ “ልጄ፣ ቡና የማታፈላን ሴት ማን ሊጠይቃት ቤቷ ይመጣል?” አሉት። ዝርዝሩ ላይ ተመለሰ። እኔ የምጨምረው ይህን ብቻ ነው፤ ከበረንዳ የመጣችን ሴት ጎረቤት የሚፈራት ስለማያውቃት ነው። ልጇ ሲታመም በር የምታንኳኳበት ሰው የምታገኘው ደግሞ ከቡና ወዳጆቿ መካከል ነው። እድር ውስጥም የገባችው ቡናዋን የጠጡ ሴቶች ስለመሰከሩላት ነው። ብድር ጠይቃ እንደሆነ፣ ሥራ አፈላልገው እንደሆነ፣ ሁሉም በዚያ ረከቦት ዙሪያ የመጣ ነው።

ዋናው ነገር ግን ዝርዝሩ አይደለም። ዕቃውን ማን ይግዛው ነው።

በጥሬ ገንዘብ እንስጣት ሲባል የሚመጣው መልስ ይታወቃል፤ “ታባክነዋለች።” እስቲ እኛ ያባከንነውን እንቁጠር። ሶፋውን ላመጣው መኪና ከፈልን፣ መቃን ነቀልን፣ የረጠበው ፍራሽ ተጣለ። በዚያ ገንዘብ የአንድ ልጅ አልጋ ይወጣ ነበር። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ያዋጣነውን ለሷ ሰጥተን እኔና አንዲት ጎረቤት ሐሙስ ዕለት ሂርማታ ገበያ አብረናት ሄድን። እኔ የሄድኩት እንዳትታለል ልጠብቃት ነበር። እንዴት ያስቃል! ለስንት ዓመት በገበያው በረንዳ ላይ የኖረች ሴት ናት። ማን የተሰነጠቀ ምጣድ በቅባት ሸፍኖ እንደሚሸጥ፣ የትኛው ነጋዴ ከሰዓት በኋላ ዋጋ እንደሚጥል፣ ከቡና መጋዘን የሚወጣ ባዶ ጆንያ የት በርካሽ እንደሚገኝ ታውቃለች። እኔ “እሺ” ብዬ ልከፍል የነበረውን ብርድ ልብስ ትታ ሄደች፤ ሻጩ ተከትሏት መጥቶ ቀነሰ። ሸክላ ሠሪዋ ሴትዮ ደግሞ ስታያት ዓይኗ እንባ ሞላ፤ በፊት ትራፊ እንጀራ የምታቀምሳት እሷ ነበረች። ጀበናውን ስትሸጥላት ግን ሳንቲም አልቀነሰችላትም። እናትየዋ ይህን እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ እንደ ማንኛውም ገዢ ተከራክራ በሙሉ ዋጋ መግዛቷ ደስ ብሏታል።

ጆንያዎቹን ሰፍታ አንዱን ለበር መጋረጃ፣ ሌላውን ከፍራሹ ሥር አደረገችው። እኔ ብሆን አላስበውም ነበር።

የቤቱን ጉዳይ ለኛ ብቻ መተው እንደማይገባም ልናገር። የቀበሌ ቤት የምንለው አብዛኛው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሰ ትርፍ ቤት ነው፤ ኪራዩም ትንሽ፣ ጠጋኙም ትንሽ። ከግድግዳው ሥር የሚገባውን ውሃ በዕቃ ማስቆም አይቻልም፤ ቦይ መቆፈር የቤቱ አከራይ ሥራ ነው። አልጋው ግን ቦዩ እስኪቆፈር አይጠብቅም።

ለዘንድሮው ኮሚቴ ያለኝ ሐሳብ እንዲህ ነው። ማስታወቂያው ላይ “ያገለገለ ዕቃ” የሚለው ይነሣና ገንዘብ ይሰብሰብ። ዕቃ መስጠት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ባለቤቶቹን ይጠይቅ፤ “አልፈልግም” ቢሉት አይቀየም። ቁልፍ የሚሰጥበት ቀን ዓርብ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ገበያው በዋዜማው ስለሆነ አልጋው ቀድሟቸው ይገባል።

ሶፋውን በመጨረሻ አናጢ ጠርተን አፈረስነው። እንጨቱ ለሁለቱ ትልልቅ ልጆች አልጋ ርብራብ ሆነ፣ ስፖንጁ ትራስ። የነቀልነው መቃን ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ በሩ አሁንም ሲዘጋ ክፍተት አለው። ለቅዳሜ ሚስማርና መዶሻ ይዤ እንደምመጣ ነግሬያታለሁ።