ይድረስ ለክቡር አውራ ጎዳና

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከጭስዎና ከጥሩምባዎ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ እርስዎው ላይ ቆሜ ነው። ከፊቴ ያለውን መኪና ታርጋ በቃሌ ከያዝኩ ቆየሁ።

ስለ ራሴ ግን አይደለም። የኔን መዘግየት ለምጄዋለሁ። ጉዳዬ የዱር ድመቶች ናቸው፤ ትልልቆቹ። (ፑማ የሚባለው የአሜሪካ የዱር ድመት በሊቃውንቱ ምደባ ከ«ትልልቆቹ» አይቆጠርም የሚል ካለ፣ ሌሊት ፊት ለፊት ሲገናኙ ለራሱ ለፑማው ይንገረው።)

ሰው ሁሉ የሚያማዎት በግጭት ነው። እኔ ግን የማደንቅዎ ሳይነኩ በሚገድሉት ነው። አንድ ጎረምሳ ፑማ ከእናቱ ይለይና የራሱን ግዛት ፍለጋ ይወጣል። ሌሊት ዳርዎ ላይ ይደርሳል። መብራት ይመጣል፣ ያልፋል፣ ሌላ ይመጣል። ጆሮውን አጥፎ ሁለት እርምጃ ይራመዳል፤ መልሶ ቁጢጥ ይላል። ሊነጋጋ ሲል ወደ መጣበት ይመለሳል። አለቀ። ጠብታ ደም የለም። ችግሩ፣ በመጣበት የሚጠብቁት ሴቶች እናቱ፣ እህቶቹና የአክስቶቹ ልጆች ናቸው።

እንስሳ ሁሉ የተበላሸ ዘረመል ደብቆ ይዞራል፤ እኔም እርስዎን የሠራዎት መሐንዲስም እንዲሁ። አባት የሰጠውን ብልሹ ቅጂ እናት የሰጠችው ደህናው ይሸፍነዋል። አባትና እናት የሥጋ ዘመድ ሲሆኑ ግን ሁለቱም ያንኑ ብልሽት ይዘው ይመጡና ሸፋኝ ይጠፋል።

ፍሎሪዳን መቼም አይረሱትም። እዚያ መጀመሪያ ጠመንጃ ነበር፤ ቀጥሎ እርሻው፣ ከተማውና የእርስዎ ወገኖች ተጋግዘው ፑማዎቹን ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ ብቻ እስኪቀሩ አጠበቧቸው። የቀሩት ጭራቸው ጫፉ ላይ የተቆለመመ፣ አንዳንዱ ልቡ ላይ ቀዳዳ ያለበት፣ አንዳንዱ ወንድ ደግሞ የዘር ፍሬው ያልወረደ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1995 ከቴክሳስ 8 ሴት ፑማዎች መጥተው ተለቀቁ። 5ቱ ወለዱ። የብዙ ግልገል ጭራ ተቃና፣ ቁጥሩም ከአሥር ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ሦስት እጥፍ ደረሰ። ድሮ ዘሩ በራሱ እግር የሚደርስበትን ቦታ ሰው ተሸክሞ አደረሰው ማለት ነው። እርስዎ እዚያው ተጋድመው እስካሉ ድረስ ደግሞ ይህ ሕክምና አንዴ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም። የተወለዱትንም ቢሆን መኪና እየጠበቀ ይበላቸዋል።

ከሥራዎችዎ ሁሉ የካሊፎርኒያው ግን ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2009 ፒ-12 የሚባል ወንድ ፑማ እንዴት እንደተሳካለት እንጃ 101 የሚባለውን ባለ 10 መስመር አውራ ጎዳና ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ወደ ሳንታ ሞኒካ ተራራዎች ተሻገረ፤ አዲስ ደም መጣ ተብሎ ተደሰትን፤ ወለደ፤ ከዚያ ሌላ የሚመጣም የሚሄድም ስላልነበረ ዞሮ ከገዛ ልጁ ወለደ። እርስዎ መሐል ላይ ዝም ብለው ተኝተዋል! እዚያው አካባቢ የተወለደው ፒ-22 ደግሞ 405 የሚባለውን ጎዳናና 101ን አቋርጦ ሎስ አንጀለስ መሐል ግሪፊዝ ፓርክ ገባ። ለአንድ ወንድ ፑማ ብዙ መቶ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያስፈልገዋል፤ እሱ 20 በምትሆን ላይ አሥር ዓመት ያህል ኖረ። አንዲት ሴት ሳታገኘው። ዕድሜው ገፍቶ፣ ታሞ፣ በመኪናም ተገጭቶ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ሐኪሞች አሳረፉት። የሳንታ ሞኒካ ተራራዎች ፑማዎች ላይም ያው የፍሎሪዳው ቆልማማ ጭራ መታየት ጀምሯል።

«ነብር ዝንጉርጉርነቱን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን?» ሲባል የሰማነው አይሆንም ለማለት ነበር። ይኸው ሆነ። ሕንድ ውስጥ ሲምሊፓል የሚባል ጥብቅ ቦታ ያሉት ታይገሮች (ባለ ጥቁር መስመሮቹ ትልልቅ የዱር ድመቶች) ከሌሎቹ ተነጥለው እርስ በርስ ሲዋለዱ፣ ዝንጉርጉሩ እየሰፋና እየተያያዘ ጥቁር ካባ የደረቡ የሚመስሉ ብዙ ታይገሮች ወጡ። ፎቶው ያምራል። ምክንያቱ አያምርም። (ይሄኛውን ብቻዎን ሠሩት አልልም፤ በመነጠል ሙያ ግን እንደ እርስዎ የተካነ የለም።)

ይፍረሱ ብዬ አልጮህም። ነገም ሥራ አለብኝ፣ የምሄደውም በእርስዎ ነው። የምለምነው ቀዳዳ ነው። እዚያው ሕንድ፣ ፔንች በሚባለው የታይገር ጥብቅ ቦታ አጠገብ ያለው ወንድምዎ ቁጥር 44 ጫካው ላይ ሲደርስ ወገቡን ቀና አድርጎ 9 ማለፊያ ሰጥቷል፤ ታይገሮች ከሥሩ ሲያልፉ ካሜራ አንስቷቸዋል። መኪናው ከላይ፣ ታይገሩ ከታች፣ ማንም ማንንም አላስቸገረም። 101ም ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 አፈርና ዛፍ የሚለብስ ድልድይ መሥራት ተጀመረ። ዘረመል የሚያሰሉ ሰዎች በየትውልዱ አንድ እንግዳ እንኳ ገብቶ ቢወልድ ብዙ ያግዛል ይላሉ። አንድ! እርስዎ በደቂቃ ስንት መኪና ያሳልፋሉ?

ይቅርታ፣ ከኋላዬ ጥሩምባ እየነፉብኝ ነው። የፊቴ መኪና ሁለት ሜትር ያህል ተንቀሳቅሷል።

አክባሪዎ፣
ከግራው መስመር