ነቢይ ከነራዳሩ

ማመስገን ሲገባን በዝምታ የምናልፋቸው ሰዎች አሉ። ማይነር ሊግ የሚባለውን የታችኛውን እርከን ቤዝቦል ልታዩ ገብታችሁ ከሆም ፕሌት፣ መቺው ከሚቆምበት ቦታ፣ ጀርባ ከተቀመጣችሁ ታውቋቸዋላችሁ። በአንድ እጃቸው ናቾ፣ በሌላው የኳስ ፍጥነት የሚለካ ራዳር ይዘዋል። አንድ ለጋ ፒቸር ኳስ በወረወረ ቁጥር ራዳሩን ያያሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጣሉ፣ ከዚያ የልጁን ቀሪ ዘመን ይተነብዩላችኋል። ሳትጠይቋቸው። በነጻ።

ባለፈው ሳምንት ፍሬድሪክስበርግ፣ ቨርጂኒያ ሄጄ ዕድሉ ለእኔም ደረሰኝ። ሜዳ ላይ የነበረው ፒቸር የ19 ዓመት ልጅ ነው። ሦስተኛው ኢኒንግ (ዙር) ላይ ሁለት መቺ በስትራይክአውት፣ ማለትም ኳሱን ሳያስመታ፣ ሸኝቶ ለሦስተኛው ሲዘጋጅ፣ ከኋላዬ አንድ ድምፅ "በቃ፣ አለቀለት" አለ። ዞር አልኩ። እኚህ ሰው ስልካቸው ላይ እየጻፉ ነው። "92 ማይል በሰዓት! ባለፈው ወር 96 ይወረውር ነበር። ከዚህ በኋላ የትም አይደርስ።" ልጁ ሦስተኛውንም ሸኘ። እሳቸው አላዩትም። መጻፍ ላይ ነበሩ።

ዕውቀት ማለት እንዲህ ነው! ፍሬድሪክስበርግ የዋሽንግተን ናሽናልስ ታዳጊዎች ከሚጀምሩባቸው ታችኛው እርከኖች አንዱ ነው። ከዚያ ዊልሚንግተን አለ፣ ከዚያ ሃሪስበርግ፣ ከዚያ ሮቸስተር፣ ከዚያ በኋላ ነው ዋሽንግተን። ለተራ ሰው ዓመታት የሚፈጅ መንገድ ነው። እሳቸው ናቾው ሳይቀዘቅዝ ጨረሱት።

ነጥብ አሰጣጣቸውም የዋዛ አይደለም። ከ20 እስከ 80 ነው። 50 ማለት በትልቁ ሊግ ደረጃ መካከለኛ ማለት ነው። ለምን ከ0 እንደማይጀምር አትጠይቁ፤ ሊቅ አይጠየቅም። ለፋስትቦሉ (ለፈጣኑ ኳስ) ነጥብ አለ፣ ለከርቩ (ለሚታጠፈው) ነጥብ አለ፣ ኳሱን በፈለገበት ቦታ ለማሳረፉም ነጥብ አለ። ክለቦች ተጫዋች እንዲመለምሉ ቀጥረው የሚያሰማሯቸው ስካውቶችም በዚሁ መለኪያ ይሠራሉ። እነሱ ግን አንዱን ልጅ ደጋግመው ያዩታል፣ አሰልጣኙን ያናግራሉ፣ አንዳንዴ ቤቱ ድረስ ሄደው ቤተሰቡን ይተዋወቃሉ። ምን ያለ ጊዜ ማባከን ነው! ለእኛ ሰዎች የስምንት ሰከንድ ቪዲዮ ይበቃል። ያውም ድምፁን አጥፍተው።

ራዳሯ ቤዝቦል ውስጥ የገባችው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። የሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ የነበረው ዳኒ ሊትዋይለር፣ የካምፓሱ ፖሊሶች በፍጥነት የሚነዳ ሰው የሚይዙበትን መሣሪያ ሰማና ኳስ ልለካበት አለ። ዲሲ ውስጥ ታክሲና ኡበር የምትነዱ ወገኖቼ በመጀመሪያው ሥራዋ ታውቋታላችሁ። የ100 ዶላር ደብዳቤ ቤታችሁ ድረስ ትልካለች። ልዩነቱ ትንሽ ነው፦ እናንተን የምትቀጣችሁ ስለፈጠናችሁ ነው፤ ልጁን ግን ስለዘገየ።

ራዳር የያዘ ሰው ደግሞ እጁ አያርፍም። ጨዋታው ሳይጀመር የክብር ኳስ የወረወሩት አንዲት አሜሪካዊት አያት ነበሩ። ለእሳቸውም ደገኑባቸው። ቁጥሩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አያትየዋ ደግነቱ አልሰሙም።

ቀጥሎ ኦቾሎኒ ሻጩ መጣ። ይሄ ሰው አንገቱ ላይ ትሪ አንጠልጥሎ፣ መተላለፊያው ላይ ቆሞ፣ ከረጢቱን አሥር ረድፍ አሻግሮ የገዢው ጭን ላይ ያሳርፋል። ራዳሩ ወደ እሱ ሲዞር በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። የጻፉትን አላሳዩኝም፤ ግን የሚጽፉትን በቃሌ ስለማውቀው ልንገራችሁ። ኦቾሎኒ ሻጭ፣ ቀኝ እጅ፣ ዕድሜ ሃምሳዎቹ ውስጥ። ፋስትቦል 20። ቁጥጥር 70፣ ምናልባትም 75፤ በብብቱ ሥር፣ ከጀርባው፣ ሳያይም ይወረውራል። የጨዉን ሲወረውርና ጨው የሌለውን ሲወረውር የክንዱ አኳኋን አይለወጥም፤ ስለዚህ ገዢው የትኛው እንደሚመጣበት አያውቅም፣ ይሄ ደግሞ የማይማሩት ተሰጥኦ ነው። ትከሻው ሰፊ ነው፣ ገና ሥጋ መሸከም ይችላል። ወላጆቹን ማየት ያስፈልጋል፤ አባቱ ረጅም ከሆነ ሁለት ማይል ሊጨምር ይችላል። ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ ይደክማል፤ ቪዲዮውን በዝግታ ስናየው ግን የደከመው ከትሪው ክብደት እንጂ ከክንዱ አይደለም። ጥያቄው ሙሉ ጨዋታ የሚችል ነው ወይስ ሪሊቨር፣ መሃል ላይ ገብቶ የሚተካ፣ ነው የሚለው ነው። ትዕግሥት ያለው ክለብ ቢራ ላይ ቢሞክረው ይመከራል። የሚመስለው ሰው፦ የባልቲሞሩ ፖፕኮርን ሻጭ፣ ከጉዳቱ በፊት። ከመቶዎቹ ተስፈኞች 43ኛ። ከዚያ አምስተኛው ኢኒንግ ላይ አንዱ ከረጢት ስቶ የአንድ ሰውዬ ኮፍያ ይዞ ወረደ። ቁጥጥር ወደ 45 ተቀነሰ። ከዝርዝሩ ወጣ። አለቀለት። እንዲያውም እኔ ድሮውንም አላመንኩበትም።

ሳቅን አይደል?

ያ ልጅ ግን ባለፈው ወር 96 የወረወረው ለማን ብሎ ነው? ለእነዚህ ራዳሮች ነው። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ የቶሚ ጆንን የተበጠሰ የግራ ክርን ጅማት የጠገኑት ከቀኝ ክንዱ ጅማት ወስደው ነው። ሰውየው 31 ዓመቱ ነበር፤ ትልቁ ሊግ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ወርውሯል። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ኦፕሬሽን የተማሪዎች ሆኗል። አሜሪካ ውስጥ ከ2007 እስከ 2011 ኦፕሬሽኑን ያደረጉትን የቆጠረ አንድ ጥናት፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ15 እስከ 19 ዓመት የሆናቸው ልጆች መሆናቸውን አሳይቷል። ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ራሱ በ2024 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት ከዋና ዋናዎቹ የጉዳት ምክንያቶች መካከል የጠቀሰው ይህንኑ ፍጥነት ማሳደድንና እያንዳንዷን ኳስ ባለ በሌለ ጉልበት መወርወርን ነው። ጢሙ ያላበቀለ ልጅ ክርኑ ተቀዶ ይሰፋል። አባቱ አጥር ተደግፎ "ስንት መጣ?" ይላል። አሰልጣኙም "ስንት መጣ?" ይላል። "አመመህ ወይ?" የሚል አንድ ሰው ይጥፋ? ስኮላርሺፕ ያመጣልኛል ብሎ የ12 ዓመት ልጁን ክረምት ከበጋ የሚያስወረውር የእኛ ሰውም አለ፤ እሱም ራሱን ያውቃል። ነውር ነው። ሌላ ስም የለውም።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ፍጥነትን ማምለክ የዛሬ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ ጥንታዊ ነው። ስቲቭ ዳልኮውስኪ የባልቲሞር ኦሪዮልስ ታዳጊ ነበር። ያዩት ሁሉ እንደሱ የሚያፈጥን አላየንም ይሉ ነበር። በ1960 ስቶክተን፣ ካሊፎርኒያ ላይ በ170 ኢኒንግ 262 ሰው በስትራይክአውት አስወጣ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ክንድ፣ 262 ሰው ደግሞ በዎክ፣ ማለትም ከመምቻው ክልል ውጭ አራት ኳስ ወርውሮ፣ በነጻ አሳለፈ። ትልቁ ሊግ ውስጥ አንድም ቀን ሳይወረውር ቀረ። የእኛ ሊቃውንት ከዚህ ታሪክ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ወስደዋል። ሁለተኛው ራዳር ላይ አይታይም።

ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሰዎች ደግሞ የነቢያቱን ሥራ በቅርብ ለማየት ታድለናል። ፒቸሩ ስቲቨን ስትራስበርግ በ2009 ድራፍት፣ ክለቦች ወጣቶችን በየተራ በሚመርጡበት፣ 1ኛ ሆኖ ተመረጠ። ጁን 2010 በመጀመሪያው የናሽናልስ ጨዋታው 14 የፒትስበርግ ተጫዋቾችን በስትራይክአውት መለሰ። የዚያን ማታ ሐውልቱን አቆሙለት። ዓመቱ ሳያልቅ የክርኑ ጅማት ተበጠሰ፣ ሐውልቱን አፈረሱት፤ "ብዬ ነበር" አሉ። በ2019 የዎርልድ ሲሪስ፣ የትልቁ ሊግ ፍጻሜ፣ ኮከብ ተጫዋች ሆነ። "ብዬ ነበር" አሉ። በዚያው ሰሞን 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፣ ከዚያ በኋላ 8 ጨዋታ ብቻ ወርውሮ ሰውነቱ እምቢ አለው። "ብዬ ነበር።" በአንድ ልጅ ላይ አራት ጊዜ ተንብየው አራቱንም ጊዜ ልክ የሆኑት ተመሳሳይ ሰዎች ናቸው። ካላመናችሁ ጠይቋቸው።

ማርክ አፔልም አለ። በ2013 ከሁሉም ቀድሞ ተመረጠ። ትልቁ ሊግ የደረሰው በ2022፣ 30 ዓመት ሞልቶት ነው። በመሃል ጨዋታውን ተወ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ከታች ጀመረ። ስለዚህኛው ብዙም አያወሩም።

ሊያወሩ የሚወዱት ስለ ጄኮብ ዲግሮም ነው። ዲግሮም ኮሌጅ የገባው ፒቸር ሳይሆን ሾርትስቶፕ፣ የሜዳ ተከላካይ፣ ሆኖ ነው። በ2010 ድራፍት 271 ሰው ቀድሞት ተመርጦ እሱ 272ኛ ሆነ። በ2018 እና በ2019 በተከታታይ ለምርጥ ፒቸር የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ። ፍሬድሪክስበርግ የተዋወቅኋቸውን ሰው ስለሱ አነሳሁባቸው። ፊታቸው በራ። "እሱንማ ገና ሾርትስቶፕ እያለ ነው ያየሁት" አሉኝ። "ክንዱን አንድ ጊዜ አይቼ 70 ሰጥቼዋለሁ።"

"የት ጻፉት?" አልኩ።

ስልካቸውን አወጡ። ወደ ላይ አሉ፣ ወደ ታች አሉ።

"በድሮው ስልኬ ላይ ቀርቷል" አሉኝ።