የመጠጥ ፓኬጁን ተዉት፣ መድኑን ግዙ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያሉ ወላጆቹን ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ለመጋበዝ ያሰበ ልጅ፣ ጅዳም ይኑር ዋሽንግተን፣ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ማስታወቂያው ላይ ባለው ዋጋ ነው። ሰባት ሌሊት፣ ምግብና መኝታ ጨምሮ፣ ለአንድ ሰው ይህን ያህል ይላል። ዋጋው ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉ አይደለም። ክፍሉ ከተመረጠ በኋላ ሽያጩ ይቀጥላል፦ የመጠጥ ፓኬጅ (በየቀኑ ቁርጥ ዋጋ ተከፍሎ የሚጠጣበት)፣ ልዩ ሬስቶራንት፣ ኢንተርኔት፣ በመጨረሻም በአንዲት ትንሽ ሳጥን ኢንሹራንስ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ገዝቶ የመጨረሻውን ያልፈዋል። ተሳፋሪዎቹ የወሎ እናትና አባት ከሆኑ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት እላለሁ።

በመሠረታዊው ዋጋ ውስጥ ያለው ቀላል አይደለም፦ መኝታ፣ ዋናው የመመገቢያ አዳራሽ፣ ቡፌው፣ ውኃ፣ ሻይና ተራ ቡና፣ የምሽት ትርኢት፣ መዋኛ ገንዳ። የማይካተቱት አልኮል፣ ለስላሳ፣ በማሽን የሚፈላ ማኪያቶና መሰሉ፣ ኢንተርኔት፣ ወደብ ላይ የሚደረግ ጉብኝት እና ቲፕ ናቸው። ቲፕ በአሜሪካ ኩባንያዎች ዘንድ በየቀኑ በራሱ ሒሳብ ላይ ይደመራል፤ ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው። በ18 ዶላር ቢታሰብ ለሁለት ሰው ለሰባት ቀን 252 ዶላር ይሆናል። በአብዛኛው ልጅም የራሱን ይከፍላል። ይህን ቀድሞ ያላወቀ ቤተሰብ በመጨረሻው ቀን ጠዋት የእንግዳ መቀበያው ጋ ተሰልፎ ሲከራከር ይገኛል።

የመጠጥ ፓኬጁን በቁጥር እንየው። በቀን 80 ዶላር ቢሆን ለሁለት ሰው ለሰባት ቀን 1,120 ዶላር ነው። በዚህ ላይ 18 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመር ከ1,320 ዶላር ያልፋል። ለማን ተብሎ? አባት ሙስሊም ከሆኑ አይነኩትም፤ እናት ጠላ እንጂ ኮክቴል አያውቁም። ወጥመዱ ደግሞ ሌላ ነው፦ ብዙ ኩባንያዎች በአንድ ክፍል ካሉ አዋቂዎች አንዱ የአልኮል ፓኬጅ ከገዛ ሌሎቹም እንዲገዙ ያስገድዳሉ። ስለዚህ የሚጠጣ ልጅ ከእናቱ ጋር አንድ ክፍል ቢይዝ የእናቱንም ይከፍላል። መፍትሔው ክፍሉን መለየት ነው፤ ካልሆነ ኩባንያው ጋ ደውሎ ለማይጠጣው ሰው አልኮል የሌለበት ፓኬጅ ይፈቀድ እንደሆነ መጠየቅ። ለስላሳ ብቻ ለሚፈልግ ሰው እየገዙ መጠጣቱ ይረክሳል። ጠዋት ቡፌው ላይ ጭማቂ በነፃ አለ።

ምግቡ ላይ ብዙ ማለት ያስፈልጋል፤ የወሎ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነውና። ሰርግ ሲደገስ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የየራሱ በሚታረድበት አገር ያደገ ሰው፣ ማን እንዳረደው የማይታወቅ ሥጋ ፊት ሲቀርብለት ሰባት ቀን በዳቦ ሊከርም ይችላል። አስተናጋጁ ይህን አያውቅም፤ ነጋሪ ይፈልጋል።

ለጾመኛ የሚያገለግለው ቃል ‹ቪጋን› (ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የሌለበት) ነው። ‹ቬጀቴሪያን› ብሎ መጠየቅ ስህተት ነው፤ ያ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል ያለበት ምግብ ነው። ‹ቪጋን› ከተባለ በኋላም የሚያመልጡ ነገሮች አሉ። የአትክልት ሾርባው በዶሮ መረቅ ሊሠራ ይችላል፤ ሩዙና የተቀቀለው አትክልት መጨረሻ ላይ ቅቤ ይነካዋል፤ ዳቦው ላይ እንቁላል ይቀባል፤ ያልደረቀ (‹ፍሬሽ›) ፓስታ በእንቁላል ይቦካል፤ ማዮኔዝም እንቁላል ነው። ቡፌው ላይ ሰው ማንኪያውን ካንዱ ሳህን ወደ ሌላው ስለሚያዛውር ለጥንቁቅ ጾመኛ ዋናው አዳራሽ ይሻላል። ቦታ ሲያዝ የእራት ሰዓቱ ቋሚ የሆነውን ምረጡ። ቋሚ ሰዓት ማለት ቋሚ ጠረጴዛና ቋሚ አስተናጋጅ ማለት ነው። ሰዓቱን እንደፈለገ የሚቀያይር ሰው በየማታው ለአዲስ አስተናጋጅ ጾምን ሲያስረዳ ይኖራል። በመጀመሪያው ማታ የአስተናጋጆቹን አለቃ ጥሩት፤ የነገውን ዝርዝር ዛሬ ማታ አምጥቶ ምን ያለ ቅቤ እንደሚሠራ ከኩሽና ጋር መነጋገር የሥራው አካል ነው።

የጉዞውን ቀን የሚመርጠው ልጅ የአባቱን ቤት ቀን መቁጠሪያ ይይ። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ የአውሮፓ ክሩዝ የሚደምቅበትና ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ላይ ይውላል። የፈረንጆች ገና ክሩዝ ደግሞ ከኅዳር 15 የሚጀምረው የነቢያት ጾም ውስጥ ይገባል። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው ሌላ ችግር አለ፤ ቡፌው ምሳውን የሚያነሳው በዚያው ሰዓት አካባቢ ነው። አስቀድሞ ተነጋግሮ ሳህን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ለረመዷንም እንዲሁ ነው፤ ስሁር ሰዓት ላይ ቡፌው ስለማይከፈት ማታውኑ ምግቡን ክፍል ድረስ ማስመጣት ይገባል።

ሃላልን በተመለከተ፣ የአሜሪካና የአውሮፓ መርከቦች የሚያቀርቡት ሥጋ በአብዛኛው ሃላልነቱ የተረጋገጠ አይደለም። አንዳንዶቹ ቀድሞ ሲጠየቁ ያዘጋጃሉ። ጥያቄው ከጉዞው ሁለትና ሦስት ወር በፊት ይቅረብ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን፤ መርከቡ ላይ ከተወጣ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ካልሆነ ዓሣና አትክልት ይቀራል፤ ወጡ ውስጥ ወይን መኖር አለመኖሩን ጠይቆ፣ ጄላቲን (ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ) ያለበትን ጣፋጭ ትቶ። ሳውዲ በኢቃማ (በመኖሪያ ፈቃድ) ለሚኖር የወሎ ልጅ ግን ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሌላ አማራጭ አለ፤ አሮያ የተባለው የሳውዲ መርከብ ከጅዳ ተነስቶ ቀይ ባሕርን ይዞራል፤ ምግቡ ሃላል ነው፤ አልኮልም የለበትም። ወላጆች የሳውዲ ቪዛ ካገኙ ከብዙ ጭንቀት ይገላግላል።

ጀበናውን ቤት ተዉት። ከሰል፣ ሻማና ዕጣን በየትኛውም መርከብ የተከለከለ ነው፤ ባሕር ላይ እሳት የሚያህል ጠላት የለም። የኤሌክትሪክ ምድጃም ፍተሻ ላይ ይወሰዳል። ቤት የተሠራ ምግብም ብዙዎቹ አያስገቡም። በፋብሪካ የታሸገ ሚጥሚጣ ግን ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ አልጫውን መርከብ የሚያድነውም እሱ ነው።

ጥቅማ ጥቅሙ የሚወራለትን ያህል አይደለም። ከልዩ ሬስቶራንቶቹ ብዙዎቹ የሚታወቁት በሥጋ ነው፤ ለጾመኛ አይረቡም። በዋናው አዳራሽ ሁለተኛ ምግብ ቢያዝዙ በአብዛኛው አያስከፍሉም። ቦታ ሲያዝ የሚሰጥ የመርከብ ላይ ገንዘብ ካለ ብዙውን ጊዜ ተመላሽ ስለማይሆን ካልተጠቀሙበት ይቃጠላል፤ መጀመሪያ ለቲፕ ይዋል። ቀሪው ክፍያ ከመጠናቀቁ በፊት ዋጋ ከወረደ ብዙ ጊዜ ደውሎ ማስተካከል ይቻላል፤ ኩባንያው ግን ራሱ አይነግርም። ክፍያው ሁሉ በመርከቡ ካርድ ነው፤ በኢትዮጵያ ብር ብቻ የሚሠራ የባንክ ካርድ አይረዳም። ዓለም አቀፍ ካርድ የሌላቸው ወላጆች ጥሬ ዶላር ወይም ዩሮ አስይዘው ሒሳብ ያስከፍታሉ።

አሁን ወደ መድኑ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከአገር አይወጣም። መርከቡ ላይ ሐኪም አለ፤ ሕክምናው ግን በክፍያ ነው። አንድ ምርመራ ብቻ ከ100 ዶላር በላይ ማስከፈሉ የተለመደ ነው፤ ሒሳቡም ቲፕና ለስላሳ በሚገባበት በዚያው ካርድ ላይ ይገባል። የመርከብ ክሊኒክ ሥራው በሽተኛውን ማረጋጋትና በሚቀጥለው ወደብ ማውረድ ነው። ወደቡ ላይ ያለው ሆስፒታል ቀብድ ይጠይቃል፤ በሄሊኮፕተር ወይም በሕክምና አውሮፕላን መጓጓዝ ካስፈለገ ሒሳቡ በአሥር ሺዎች ዶላር ይቆጠራል። ስለዚህ ለሕክምና ቢያንስ 100,000 ዶላር፣ ለድንገተኛ ማጓጓዣ 250,000 ዶላር የሚሸፍን መድን መፈለግ ማጋነን አይደለም።

ልጆች የሚሳሳቱት ሦስት ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው፣ አሜሪካ ያለው ልጅ ለራሱ የገዛውን ዓይነት መድን ለወላጆቹም ይገዛል። ብዙዎቹ የአሜሪካ የጉዞ መድኖች የአሜሪካ ነዋሪን ብቻ ይሸፍናሉ፤ አረቦኑን (የመድኑን ክፍያ) ይቀበላሉ፣ ካሳው ሲጠየቅ ግን የነዋሪነት ማስረጃ ይፈልጋሉ። ለወላጆች የሚገዛው ነዋሪነታቸው ኢትዮጵያ መሆኑን ተቀብሎ የተጻፈ ውል መሆን አለበት።

ሁለተኛው ለሼንገን (ለአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ የሚገዛው መድን ነው። ለቪዛ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ሽፋን 30,000 ዩሮ ሲሆን፣ የሚጠበቅበት የሼንገን አገሮችን መሸፈን ብቻ ነው። መርከቡ ቱኒዝ ወይም ቱርክ ሲደርስ ወይም ከባሕር ጠረፍ ሲርቅ ያ ወረቀት ላይሠራ ይችላል። ሲገዛ ‹መላው ዓለም› የሚለውንና መርከብን በስም የሚጠቅሰውን መምረጥ፣ የዕድሜ ጣሪያውንም ማየት ይገባል፤ ከተወሰነ ዕድሜ በኋላ ሽፋኑን የሚቀንሱ አሉ።

ሦስተኛው ነባር ሕመም ነው። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ወላጆች ላይ ዋናው ክርክር የሚነሳው እዚህ ነው። መድን ሰጪው ከጉዞው በፊት የነበረ ሕመም ነው ብሎ ካሳውን ይከለክላል። አንዳንድ ውሎች ቀብዱ ከተከፈለ በ14 ወይም በ21 ቀን ውስጥ ከተገዙ ይህን ገደብ ያነሳሉ። ከዚያ ቀን አንድ ቀን ካለፈ ዕድሉ አበቃ። መድኑ በቀብዱ ሳምንት ይገዛ የምለው ለዚህ ነው። ሕመምን መደበቅ ደግሞ ውሉን ራሱ ያፈርሳል። ደሴ ከሚከታተሏቸው ሐኪም የሕመሙን ስምና የመድኃኒቱን ጠቅላላ መጠሪያ (‹ጄነሪክ› ስም) በእንግሊዝኛ ያስጽፉ፤ ለጉዞው ቀናት በቅቶ ለአንድ ሳምንት የሚተርፍ መድኃኒት በእጅ ሻንጣ ይያዝ። ትልቁ ሻንጣ ክፍል የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው።

መድን የማይፈታው ትልቁ ነገር ቪዛ ነው። ተራ የጉዞ መድን የቪዛ ክልከላን አይክስም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ኢትዮጵያውያን ደጋግሞ የሚያስገባ የሼንገን ቪዛ እንዳይሰጣቸው፣ የማመልከቻው መደበኛ ጊዜም ከ15 ወደ 45 ቀን እንዲረዝም አድርጓል። ይህ ክሩዝን በቀጥታ ይነካል። ከባርሴሎና ተነስቶ ቱኒዝ ቆሞ የሚመለስ፣ ከአቴንስ ወደብ ተነስቶ ቱርክ ኩሻዳሲ የሚቆም፣ ወይም ሞንቴኔግሮ ኮቶር የሚገባ መርከብ ከሼንገን ወጥቶ ተመልሶ ይገባል። የአንድ ጊዜ ቪዛ የያዘ ሰው፣ ከመርከቡ አልወርድም ቢልም፣ መሳፈሪያው ላይ ሊመለስ ይችላል፤ ገንዘቡም አይመለስም። ስፔንን፣ ፈረንሳይን፣ ጣሊያንንና ማልታን ብቻ የሚነካ መስመር ግን ከሼንገን አይወጣም። የአሜሪካ ቪዛም ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ለኢትዮጵያውያን ጎብኚዎች በአብዛኛው የአንድ ጊዜና የሦስት ወር ሆኗል፤ ከማያሚ ወጥቶ ባሃማስ ደርሶ መመለስ ሁለተኛ መግባት ነው።

የሼንገን ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል። ቀሪው የመርከብ ክፍያ የሚጠየቀው ደግሞ በአብዛኛው ከጉዞው ከ60 እስከ 90 ቀን ሲቀር ነው። ስለዚህ ተመላሽ በሚሆን ቀብድ ቦታ ይዞ፣ ከ5 ወር ሳይዘገይ አመልክቶ፣ መልሱን ከመጨረሻው ክፍያ በፊት ማወቅ ይቻላል። ‹ቀብዱ አይመለስም› ተብሎ የሚቀነሰው ዋጋ ለአሜሪካዊ ይሁን፤ ለእኛ አይሆንም።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም አይረሳ። ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ ካርዱን የሚጠይቁ የካሪቢያን አገሮች አሉ። ክትባቱ ከመድረሻው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከኮምቦልቻ ቦሌ፣ ከቦሌ ወደቡ ያለበት ከተማ ሲቆጠር ደግሞ አንድ ሌሊት ቀደም ብሎ መድረስ ግዴታ ነው። መሳፈሪያው የሚዘጋው ብዙ ጊዜ መርከቡ ሊነሳ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው ነው፤ ክረምት ላይ በጉም የዘገየን በረራ የሚጠብቅ መርከብ የለም። መርከቡ ላይ ያለው ሰሌዳ በፈረንጅ ሰዓት መሆኑንም ለወላጆች ማስረዳት ነው፤ ‹4› ተብሎ የተጻፈው የመመለሻ ሰዓት ለእኛ 10 ሰዓት ነው።

ሕመም ካጋጠመ፣ ከመርከብ ከመውረድ ወይም ሄሊኮፕተር ከመጠራቱ በፊት የመድን ድርጅቱ የ24 ሰዓት ስልክ ይደወል፤ ሳያስፈቅዱ የተደረገ ማጓጓዝን አልከፍልም የሚሉ አሉ። ከመርከቡ ክሊኒክ ሁለት ወረቀት ይወሰድ፦ የሐኪሙ ሪፖርትና በዝርዝር የተጻፈ ደረሰኝ። በካርዱ ላይ የወጣው ጠቅላላ ሒሳብ ብቻውን ለካሳ አይበቃም። ደሴ ከተመለሱ በኋላ በኢሜይል ማስመጣት ሳምንታት ይፈጃል፤ ካሳ የሚጠየቅበት ቀን ግን መቁጠሩን አያቆምም።