ልጄ አደገ እንጂ አልተለወጠም

የጅማ ሰዎች፣ የመርካቶ፣ የጅረን፣ የቦሳ ኪቶ ጎረቤቶቼ፣ ዛሬ ቅር ቢላችሁም እናገራለሁ።

ልጄ ኦቲዝም አለበት። የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ እጁን እያርገበገበ በሰፈሩ ሲዞር ጉንጩን ትስሙት ነበር። «አንጀቴን በላው» እያላችሁ ከረሜላ በኪሱ ትከቱለት ነበር። ዛሬ 22 ዓመቱ ነው፤ ጢም አውጥቷል፤ ቁመቱም ከእኔ በአንድ ራስ ይበልጣል። እጁን የሚያርገበግበው ያው እንደ ልጅነቱ ነው። እናንተ ግን ሲመጣ መንገድ ትሻገራላችሁ፤ ልጆቻችሁን ወደ ጉያችሁ ትስባላችሁ። ባለፈው ሰኔ አንድ ባጃጅ አጠገቡ ክላክስ ሲያሰማ ልጄ ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። አንድ ጎልማሳ «ተነሣ!» ብሎ በዱላ ጎሸመው። ሰውየውን አውቀዋለሁ። የዛሬ 17 ዓመት ይህንኑ ልጅ እሽኮኮ አድርጎ ሰፈሩን ያዞረው ነበር።

ነውር ነው! ደግሜ እላለሁ፣ ነውር ነው።

ኦቲዝም ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ እርግማንም አይደለም፤ የእናት ጥፋትም አይደለም። አንጎል ከጅምሩ በሌላ መንገድ ሲያድግ የሚፈጠር ነው፤ ከልጅነት ጋርም አብሮ አያልፍም። እኛ ልብ የማንለው ድምፅ ለብዙዎቹ ጆሮ የሚበጥስ ነው። ልጄ ጆሮውን ሲይዝ ከድምፁ እየሸሸ ነው እንጂ ከእናንተ ጋር ሊጣላ አይደለም።

ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም በ1943 እ.ኤ.አ. ስለ ኦቲዝም ባሳተመው ጽሑፍ በመጀመሪያ የጠቀሰው ሕፃን ዶናልድ ትሪፕሌት ነበር። ዶናልድ በአሜሪካ፣ ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ ኖረ፤ ባንክ ውስጥ ሠራ፤ መኪና ነዳ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በ89 ዓመቱ ዐረፈ። ቤተሰቡ ባለጸጋ ነበር፤ ይህ እንደረዳው አልክድም። ነገር ግን ከወላጆቹ በኋላ ብዙ ዘመን የኖረው የከተማው ሰው እንደ ራሱ ልጅ ስላወቀውና ስለጠበቀው ነው። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው ብለው በጀመሩት ትግል በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እኔ ግን ያለሁት ጅማ ነው። እኔን አፈር ሲበላኝ ልጄን የሚያውቀው ይህ ሰፈር ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝም ይኸው ነው።

እንደ እኔ የወለዳችሁ ደግሞ ስሙኝ። ልጃችሁን ጓሮ ክፍል ዘግታችሁ ያኖራችሁ አላችሁ፤ በማን እንደምትሳቀቁም አውቃለሁ። የተዘጋበት ልጅ ግን ምን ይማራል? እኔም እስከ 14 ዓመቱ ጫማውን አስሬለታለሁ፤ ስለምቸኩል። ራሱ እንዲያስር ስተወው ስምንት ወር ፈጀበት፤ አሁን ከእኔ አጥብቆ ያስራል።

የቡና ነጋዴዎች፣ ለእናንተም አለኝ። ልጄ ሰፌድ ፊቱ ካስቀመጥኩለት ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ፍሬ ለይቶ አንዲት አያሳልፍም። ይዤው ወደ አንድ መጋዘን ሄድኩ። ባለቤቱ ሥራውን አይቶ፣ «እጁስ ጥሩ ነው፤ ለቃሚዎቹ ግን ይፈሩታል» ብሎ መለሰን። አካል ጉዳተኛን በጉዳቱ ምክንያት ከሥራ መከልከል በአዋጅ ቁጥር 568/2000 የተከለከለ ነው። አዋጁን ይዤ ክርክር አልፈልግም፤ አንድ ሳምንት ከለቃሚዎቹ ጋር አስቀምጡትና እዩት፤ ፍርሃቱ ያኔ ይለቃችኋል።

ነገ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ዳቦ ሊገዛ ብቻውን ይወጣል። በስሙ ጠርታችሁ «እንደምን አደርክ» በሉት። ላይመልስላችሁ ይችላል። ባለ ሱቁም ብሩን አንድ በአንድ ቆጥሮ እስኪጨርስ ይታገሠው፤ ከኋላው የተሰለፋችሁም አትግፉት።